የምጣድ መስመር ሲሞቅ፦ የሽቦ ግንኙነት መጥበቁ በምን ይረጋገጣል?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው አዲስ አበባ ውስጥ በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ነው። እንጀራ በምንጋግርበት ቀን የምጣዱ ብሬከር እጅ እስኪያቃጥል ድረስ ይሞቃል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክም ይሸታል። ባለሙያ ሦስት ጊዜ ጠርተን ሦስቱንም ጊዜ ብሎኑን አጥብቆልን ሄደ፤ ወር ሁለት ወር ሳይሞላው ግን ያው ይሆናል። ብሬከሩ ይህን ያህል ሲሞቅ ለምን አይጠፋም? ሽቦዎቹ በትክክል መጥበቃቸውንስ እንዴት ማረጋገጥ ይቻላል?»

ምላሽ፦ ወደ ማብራሪያው ከመግባቴ በፊት አንድ አደራ አለኝ። ይህ መስመር በአግባቡ እስኪጠገን ድረስ እንጀራ አይጋግሩበት፤ ብሬከሩንም አጥፍተው ይተዉት። በቤት ውስጥ የሚዘረጋው ተራ ሽቦ የፕላስቲክ ሽፋኑ የሚችለው ሙቀት 70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ነው። ሽታ መስጠት ከጀመረ ከዚህ ልክ ማለፉን መጠርጠር ይገባል፤ ሽፋኑ አንድ ጊዜ ደርቆ ከተሰነጠቀ ደግሞ ሙቀቱ ቢቀንስም ወደ ቀድሞው አይመለስም። የሳምንቱ እንጀራ ከገበያ ቢገዛ ይሻላል።

ብሬከሩ ለምን እንደማይጠፋ ልጀምር፤ የችግሩ ፍቺ ያለው እዚያ ነውና። በአገራችን ኤሌክትሪክ ያስነሳው እሳት ሁሉ «ኮንታክት ነው» ይባላል። ኮንታክት የምንለው ፌዙ (ኃይል ይዞ የሚመጣው ሽቦ) እና ኒውትራሉ (ከረንቱ የሚመለስበት ሽቦ) መገናኘት በሌለባቸው ቦታ ሲነካኩ የሚሆነውን ነው፤ ያን ጊዜ በሽቦው የሚያልፈው ከረንት በቅጽበት ብዙ እጥፍ ያሻቅባል፤ ብሬከሩም ይቆርጣል። የላላ ግንኙነት የዚህ ተቃራኒ ነው። መገናኘት የነበረባቸው ሁለት ብረቶች በሚገባ ሳይገናኙ ቀርተዋል፤ ስለዚህ ከረንቱ አይጨምርም፣ እንዲያውም በጥቂቱ ይቀንሳል። ብሬከር የሚጠብቀው የከረንት ብዛትን ስለሆነ የሚቆርጥበት ምክንያት አያገኝም። ወደ መሬት የሚፈስ ከረንት ሲኖር የሚቆርጠው መከላከያ በቤትዎ ቢኖር እንኳ ዝም ይላል፤ በፌዙ የሄደው ሁሉ በኒውትራሉ ተመልሷልና። ከላላ ግንኙነት የሚጠብቀን በመስመሩ ላይ የተገጠመ መሣሪያ ሳይሆን ግንኙነቱን የሠራው ሰው ጥንቃቄ ነው የምለው ለዚህ ነው።

በቁጥር እንየው። የቤት ምጣዶች ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳሉ። የእርስዎ 3.5 ኪሎ ዋት ነው ብለን ብንነሳ በ220 ቮልት 16 አምፒር ያህል ይስባል። በአንድ ግንኙነት ላይ የሚፈጠረው ሙቀት የሚገኘው ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ፣ የተገኘውም እንደገና በግንኙነቱ ሬዚስታንስ (ከረንትን በሚገታበት መጠን፣ በኦም የሚለካ) ሲባዛ ነው። በደንብ የተያዘ ሽቦ ሬዚስታንሱ አንድ ሚሊኦም (የኦም አንድ ሺኛ) ያህል ቢሆን ሙቀቱ ሩብ ዋት ነው፤ እጅ ለይቶ አያውቀውም። ያው ግንኙነት ላልቶና ጠቁሮ ሬዚስታንሱ 0.1 ኦም ሲደርስ ግን ሙቀቱ ከ25 ዋት ያልፋል። ይህ ሬዲዮ ጠጋኞች ሊድ የሚያቀልጡበት ትንሹ መበየጃ የሚወስደው ኃይል ነው፤ እዚህ ግን ከባቄላ ፍሬ በማይበልጥ ቦታ ላይ፣ በፕላስቲክ ተከቦ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ሳያቋርጥ ይነድዳል። በሌላ በኩል ያ ግንኙነት ከ220 ቮልቱ የሚያጎድለው 1.6 ቮልት ብቻ ስለሆነ ምጣዱ እንደወትሮው ይግላል፤ እንጀራውም ዓይኑ ያምራል። ማንም ምንም አይጠረጥርም። 0.1 ኦም ትንሽ መስሎ ከታየዎት፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ይህን ያህል ሬዚስታንስ የሚኖረው 13 ሜትር ገደማ ሲረዝም መሆኑን ያስቡ፤ የ13 ሜትር ሽቦ ሙቀት በአንድ ጫፍ ላይ ተከማችቷል ማለት ነው።

ችግሩ በምጣድ መስመር ላይ ጎልቶ የሚታየውም ከዚሁ የተነሳ ነው። አምፑልና ቴሌቪዥን የሚስቡት ከረንት ጥቂት ስለሆነ በላላ ግንኙነት ላይ ለዓመታት ሊሠሩ ይችላሉ፤ የውኃ ማፍያም ቢሆን ብዙ ቢስብ ከደቂቃዎች በኋላ ይጠፋል። ምጣድ ግን ሙሉ ጭነቱን ይዞ ለሰዓታት ይቆያል። የአዲስ አበባ ከፍታም ጥቂት ይጨምርበታል። ለቤት የሚሆኑ ብሬከሮች ዓለም አቀፍ መለኪያቸው የተወሰነው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 2,000 ሜትር ላለ ቦታ ሲሆን ከተማችን ከዚያ በላይ ናት፤ አየሩ ሲሳሳ ሙቀትን የመውሰድ አቅሙም ይቀንሳልና። ስለዚህ 16 አምፒር የሚስብ ምጣድን ልክ በ16 አምፒር ብሬከርና በ2.5 ሽቦ ላይ መጫን አልመክርም፤ ለብቻው የተዘረጋ የ4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና የ20 አምፒር ብሬከር ይሻላል። ይሁን እንጂ ወፍራም ሽቦም ጫፉ ከላላ ከመቃጠል አይድንም።

አሁን ሦስት ጊዜ ጠብቆ ሦስት ጊዜ የተመለሰበትን ምክንያት እንመልከት። ሁለት የብረት ገጾች ለዓይን ልሙጥ ቢመስሉም የሚነካኩት በጥቃቅን ጉብታዎቻቸው ብቻ ነው። ብሎን ሲጠብቅ እነዚያ ጉብታዎች ይደፈጠጣሉ፤ የሚነካካው ስፋት ይጨምራል፤ አየርም በመካከላቸው አይገባም። ግንኙነቱ ላልቶ አንዴ ከጋለ ግን መዳቡ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ይጠቁራል፤ ጥቁሩ ቅርፊትም ከረንትን በደንብ አያሳልፍም። ከዚህ በኋላ ብሎኑን ቢያጠብቁት የሚጫኑት ቅርፊቱን ነው። ቅርፊቱ እዚህም እዚያም ተሰነጣጥቆ ለጥቂት ሳምንታት ያሳልፍ ይሆናል፤ ከዚያ እንደገና ይግላል። በብሬከሩ ውስጥ ሽቦውን አጥብቆ የሚይዘው ብረትም በሙቀት ብዛት ጉልበቱን ያጣል። ከዚህም ሌላ መዳብ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከሚሊዮን 17 እጅ ሲለጠጥ ብሎኑ የተሠራበት ብረት 12 እጅ ያህል ብቻ ይለጠጣል። በጋገሩ ቁጥር መዳቡ ይነፋል፤ ብሎኑ ስለማያላውሰው ለስላሳው መዳብ ይጨፈለቃል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይሸሻል። በሳምንት ሁለት ቀን የሚጋገርበት ቤት ይህን በዓመት መቶ ጊዜ ያህል ይደግመዋል። ባለሙያዎ በሦስቱም ጊዜ ያጠበቀው ያንኑ የተቃጠለ ጫፍ፣ በዚያው በተቃጠለ ብሬከር ውስጥ ነው። ይህ ጥገና አይደለም፤ ጠቁሮ ያገኙት ጫፍ መቆረጥ፣ ብሬከሩም መለወጥ አለበት።

ሌላም ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አለ፤ ብሎኑ ጠብቆ ሽቦው ግን ያልተያዘበት ሁኔታ ነው። የብዙ ብሬከሮች ማሰሪያ፣ ማለትም ሽቦው ገብቶ የሚያዝበት ቦታ፣ ብሎኑ ሲዞር ከፍና ዝቅ የምትል ትንሽ የብረት ሳጥን አላት። ሳጥኗ በግማሽ ተነሥታ ሳለ ሽቦው ቢገባ፣ በውስጧ መግባቱ ቀርቶ ከኋላዋ ሊሰካ ይችላል። ሠራተኛው ብሎኑን ያዞራል፣ ብሎኑ እምቢ እስኪል ይጠብቃል፣ ሠራተኛውም በቅን ልቡ ጨርሻለሁ ብሎ ይሄዳል፤ ሽቦው ግን ቆሞ የቀረው በመጠጋት ብቻ ነው። ሁለተኛው ስህተት የፕላስቲክ ሽፋኑ በበቂ ሳይላጥ ቀርቶ ብሎኑ ከመዳቡ ይልቅ በፕላስቲኩ ላይ መጥበቁ ነው፤ ፕላስቲኩ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ግንኙነቱም ይላላል። ሦስተኛው አንድ ወፍራምና አንድ ቀጭን ሽቦ በአንድ ማሰሪያ ውስጥ መክተት ነው፤ ወፍራሙ ይያዛል፣ ቀጭኑ ይንቀሳቀሳል። እነዚህን ሦስቱን ካቻቢቴ ብቻውን አያገኛቸውም። የሚያገኛቸው ዓይንና እጅ ነው፤ ሽቦውን ብቻውን ይዞ፣ ጠንከር አድርጎ ወደ ውጭ መሳብ ያስፈልጋል። በደንብ የተያዘ ሽቦ ንቅንቅ አይልም። ብዙ ሠራተኞች ሽቦዎቹን በጅምላ ጨብጠው ይነቀንቁና ያልፋሉ፤ እያንዳንዱ ለየብቻው ካልተሳበ ግን ፈተና ሊባል አይችልም።

ሥራው መሠራት ያለበት ኃይል ተቋርጦ ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ መብራት ያላት ካቻቢቴ ካልበራች «የለም» ብሎ መደምደም ሰው የሚጎዳ ልማድ ነው፤ መብራቷ ልትበላሽ ትችላለች፣ የቆመበት ወለልና የተጫመው ጫማም ያሳስቷታል። በመልቲሜትር (ቮልቴጅና ሬዚስታንስ በሚለካ መሣሪያ) መጀመሪያ ኃይል እንዳለ በሚታወቅ ሶኬት ላይ መሣሪያው መሥራቱን ማየት፣ ቀጥሎ በሚሠራበት ቦታ ፌዝን ከኒውትራል፣ ፌዝን ከመሬት፣ ኒውትራልን ከመሬት መለካት፣ በመጨረሻም ወደ መጀመሪያው ሶኬት ተመልሶ መሣሪያው አሁንም እንደሚሠራ ማረጋገጥ ይገባል። ቆጣሪውና ከቆጣሪው በፊት ያለው ክፍል በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ኃላፊነት ሥር ስለሆነ፣ ሙቀቱ በዚያ በኩል ከተገኘ ማመልከት እንጂ ማኅተም መቁረጥ አይፈቀድም።

የተቃጠለው ጫፍ የሚቆረጠው መዳቡ እንደ አዲስ ሳንቲም ቀልቶ እስኪታይ፣ ሽፋኑም እንደ ልቡ እስኪታጠፍ ድረስ ነው። ከዚያ አዲሱ ብሬከር በሚጠይቀው ልክ ይላጣል፤ የላጡ ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ በብሬከሩ ጎን ላይ ተሥሎ ይገኛል። ሽቦው ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ከሆነ ጫፉ ላይ የመዳብ ቱቦ ተጨምቆበት ቢገባ ክሮቹ አይበተኑም። ጫፉን በሊድ አጠንክሮ ብሎን ሥር ማስገባት ግን፣ በብዙዎች ዘንድ የጥሩ ሠራተኛ ምልክት ተደርጎ ቢቆጠርም፣ ስህተት ነው፤ ሊድ በቋሚ ጫና ሥር ቀስ በቀስ ስለሚሸሽ ከጊዜ በኋላ ብሎኑ ባዶ ቦታ ላይ ይቀራል።

የማጥበቁን መጠን በተመለከተ «በደንብ አጥብቀው» የሚለው ትእዛዝ አይበቃም። አምራቾች እያንዳንዱ ማሰሪያ የሚሻውን ጉልበት በኒውተን ሜትር ወስነው በብሬከሩ ወይም አብሮት በሚመጣው ወረቀት ላይ ያትሙታል፤ ለቤት በሚሆኑ ብዙ ብሬከሮች ላይ ከ2 እስከ 3.5 ኒውተን ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ያገኙታል። ይህን ልክ የሚያውቀው ጉልበት መጥኖ የሚያጠብቅ ካቻቢቴ ነው፤ የተወሰነው ልክ ሲደርስ ድምፅ ሰጥቶ ይለቅቃል። መሣሪያው በየሠራተኛው ቦርሳ የማይገኝ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ከሠራሁ በኋላም የራሴ እጅ ጠዋት የገመተውንና ማታ ደክሞት የገመተውን በመሣሪያው ሳስተያይ ልዩነቱ የሚናቅ ሆኖ አላገኘሁትም። ከልክ በላይ ማጥበቅም ጉዳት ነው፤ ክሮቹን ይቆርጣል፣ የብሎኑን ጥርስ ይበላል፣ የብሬከሩን አካል ይሰነጥቃል። ስለዚህ በየዓመቱ የብሬከሮቹን ሣጥን እየከፈቱ ደህናውን ብሎን ሁሉ ዳግመኛ ማጥበቅን አልደግፍም። አንዴ በልኩ የጠበቀው ብሎን ላይና በማሰሪያው አካል ላይ አንድ ቀጥ ያለ የቀለም መስመር ይሰመርበት፤ በኋላ መስመሩ ተሰብሮ ከታየ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲያበቃ ፈተናው ገና ነው፤ ግንኙነት የሚፈተነው በጭነት ሥር ነው። ሽፋኑ ተገጥሞ፣ ምጣዱ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ይሥራ። የሙቀት ካሜራ ያለው ባለሙያ ከተገኘ በጣም ጥሩ ነው። ካሜራው በዚህ ጊዜ ሣጥኑን በጥንቃቄ ከፍቶ በሚያውቅ ሰው እጅ ይሁን፤ የሚታየውም አንዱ ማሰሪያ እኩል ከረንት ከሚያልፍበት ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ነው። በሙያው ተቀባይነት ባለው መመዘኛ ልዩነቱ ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ሲሆን ጉድለት ሊኖር ይችላል ተብሎ ይጠረጠራል፤ ከ4 እስከ 15 ሲደርስ ጉድለት የመኖሩ ነገር አይቀሬ ይመስላል፤ ከ15 ሲያልፍ ወዲያው መጠገን አለበት። የሚያብለጨልጭ ባዶ ብረት ግን ለካሜራው የራሱን ሙቀት ሳይሆን የአካባቢውን ያንጸባርቃልና፣ ንባቡ መወሰድ ያለበት ከማሰሪያው አጠገብ ካለው የሽቦ ሽፋን ላይ ነው። ካሜራ ከሌለ በጭነት ሥር ከሽቦው ጫፍ እስከ ማሰሪያው ብረት ያለውን የቮልቴጅ ጉድለት በሚሊቮልት መለካት ይቻላል። ቀደም ባልነው ስሌት 16 አምፒር ሲያልፍ ደህናው ግንኙነት እስከ 16 ሚሊቮልት ገደማ ያሳያል፤ የታመመው ከመቶዎች አንሥቶ እስከ 1,600 ሚሊቮልት ሊያሳይ ይችላል። ይህ ኃይል ባለበት መስመር ላይ የሚሠራ ልኬት ስለሆነ የሠለጠነ ሰው እንጂ የቤተሰቡ አባል አይሞክረው።

የእርስዎ ድርሻ ሳይከፍቱ መመልከት ነው። ከአንድ ሰዓት መጋገር በኋላ የእጅዎን ጀርባ በተዘጋው የብሬከር ፊት ላይ ያሳርፉ፤ ብሬከር ሙሉ ጭነት ይዞ ለብ ማለቱ ያለ ነገር ነው፤ እጅ የማያስቆይ ሙቀት ግን ያለ ነገር አይደለም። የወየበ ወይም የጠቆረ ፕላስቲክ፣ እንደ ዓሣ የሚከረፋ ሽታ፣ ስስ የሆነ የመንጫጫት ድምፅ፣ ምጣዱ ሲበራ የሚርገበገብ አምፑል፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ቦታ ያመለክታሉ። ምጣድዎ የሚሠራው በስፒናና በሶኬት ከሆነ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፍተው ከነቀሉት በኋላ የስፒናውን ጥርሶች ይዩ፤ አንዱ ከጠቆረ ሶኬቱም ስፒናውም ባንድ ላይ ይለወጡ፤ አሮጌው አዲሱን ያበላሸዋልና።

ብዙ ሰው ፌዙን ይፈትሽና ኒውትራሉን ይረሳዋል። የምጣዱ ከረንት በኒውትራሉም እኩል ስለሚያልፍ እርሱም እኩል ይግላል። ሦስት ፌዝ በሚገባበት ግቢ ደግሞ የጋራው ኒውትራል ቢላላ ጉዳቱ ከሙቀት ያልፋል። በአንዱ ቤት አምፑሉ ደብዝዞ በሌላው ከልክ በላይ ሲበራ ካዩ፣ ቮልቴጁ እንደየቤቱ ጭነት እየተዛባ፣ ጥቂት በሚጠቀመው ቤት በኩል ወደ 380 እያሻቀበ ነው ማለት ነው። አንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት የሦስት ተከራዮች ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን በአንድ ምሽት የተቃጠለበት ግቢ ገብቻለሁ። ያገኘሁት ጥፋት ሲዘረጋ ተጠምዞ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ አንድ የኒውትራል ግንኙነት ነበር። ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለልን ለምጣድ መስመር በምንም ምክንያት አይቀበሉ፤ ናስትሮ ይሸፍናል እንጂ አያጠብቅም። እንዲህ ያለው ግንኙነት በልስን ሥር ከተቀበረ ደግሞ ሲቃጠል የሚያየው እንኳ የለም።

የመሬት ሽቦው ከሁለቱ ይለያል። በደህናው ጊዜ ምንም ከረንት ስለማያልፍበት ቢላላም አይሞቅም፣ አይሸትም፣ አያርገበግብም። የምጣዱ የብረት አካል ኃይል በነካው ዕለት ብቻ ነው መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው። ስለዚህ ባለሙያው ኃይሉን አቋርጦ ከምጣዱ አካል እስከ ሣጥኑ የመሬት ማሰሪያ ድረስ ያለውን ሬዚስታንስ እንዲለካልዎ ይጠይቁት፤ በአንድ ቤት ርቀት ከአንድ ኦም በታች መሆን አለበት። ልኬቱን ሲወስድ ሽቦውን በየማሰሪያው ላይ ቢነቀንቅና ቁጥሩ ቢዋልል የላላው እዚያ ነው።

ከምሰሶ ወደ ቤት የሚመጣው ሽቦ በብዙ ቦታ አሉሚኒየም ስለሆነ ስለ እርሱም ጥቂት ልበል። አሉሚኒየም በእያንዳንዱ ዲግሪ ከሚሊዮን 23 እጅ ይለጠጣል፤ ከመዳብ ይልቅ በጫና ሥር ይሸሻል፤ በተላጠ ቅጽበትም ከረንት የማያሳልፍ ስስ ቅርፊት ያበቅላል። በአሜሪካ ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ.፣ መዳብ ስለተወደደ ብዙ ቤቶች በአሉሚኒየም ሽቦ ተሠርተው ነበር። የአገሪቱ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ከ1972 በፊት የተሠሩት እነዚህ ቤቶች እሳት ሊያስነሳ የሚችል ግንኙነት የሚኖራቸው በመዳብ ከተሠሩት በ55 እጥፍ መሆኑን ገልጿል። ሽቦው የሚቃጠለው ከሚጋጠምበት ከጫፉ ነው ማለት ነው። አሉሚኒየምና መዳብ በቀጥታ ተጠምዘው መጋጠም የለባቸውም፤ ለሁለቱ ብረቶች ተብሎ የተሠራ ማገናኛ አለ።

በሚቀጥለው ጊዜ ባለሙያ ሲመጣ የቆረጠውን ጫፍ ጠረጴዛ ላይ እንዲያኖርልዎ ይጠይቁትና ሽፋኑን በቢላ ሰንጥቆ መዳቡን ያሳይዎ። ጥቁረቱ በቁራጩ መጨረሻ ድረስ ከዘለቀ ገና አልበቃምና እንደገና ይቁረጥ። በመቆረጥ ብዛት ሽቦው አጥሮ ብሬከሩ ጋ አልደርስ ካለ ወጥሮ ማሰር አይገባም፤ የተወጠረ ሽቦ በየጊዜው ራሱን ከብሎኑ ሥር ይስባል። ሽፋኑ የሚከፈት ሣጥን ውስጥ በተገቢ ማገናኛ እኩል ውፍረት ባለው ሽቦ ይቀጠል፤ ያንን አዲስ ግንኙነትም ለየብቻው ይሳበው፤ በጋገሩ በመጀመሪያው ቀን የሣጥኑንም ክዳን በእጅዎ ጀርባ ይዳስሱት።